ሳምባ

ከራጅ ክፍሉ ሥር፣ ከምድር ቤቱ ጓዳ፣
ሦስት ማሽን አለኝ፣ አንዱ ላንዱ እንግዳ።
ሶላሪሱ ሽማግሌ፣ ሲነኩት የሚቆጣ፣
የውጭ ሐኪሞች ሲሄዱ ከዕቃቸው ጋር ያልወጣ።
ቢኤስዲው ዝምተኛ፣ ትከሻው ጠንካራ፣
መብራት ሲሄድ በባትሪ፣ ሲመጣ በመብራት የሚሠራ።
ሊኑክሱ ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ «አድሱኝ» ይላል፣
ካላደሱት ያኮርፋል፣ ካደሱት ይታመማል።

የአንድ አያት የልጅ ልጆች፣ ዩኒክስ ነው አያታቸው፣
መልካቸው ቢመሳሰልም አይገጥምም ቃላቸው።
ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ፣ ዳውሮው ከየሙ ጋር ቆሞ
ቋንቋ ሳይጋራ ይሸጣል፣ ዋጋ በጣቱ ጠቁሞ፤
እነዚህ ግን በኬብል ታስረው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣
ሰላም እንኳ አይባባሉም፣ አስታራቂ ካልመጣ መሃላቸው።

አስታራቂው ፕሮግራም ነው፣ ፋይል አካፋይ፣ ስሙ ሳምባ፤
ስም አውጪዎቹ አላሰቡም፣ አንድ ቀን ጅማ ሲገባ
ደረት ውስጥ ካለው ጋር ሞክሼ እንደሚሆን።
ይኸው እኔ በሳምባ ላይ ሳምባ ስልክ እውላለሁ፤
የጎድን አጥንት እንደ መሰላል፣ ከጀርባው ጭጋግ።

ሲስተር ትርፊቱ ከደረጃው ጫፍ፦ «ሳምባው ቆመ እንዴ?»
አንድ አስታማሚ ብድግ አለ፦ «የማን? የዘመዴ?»

ክረምት አዌቱ ሞልቶ ውሃው ደጃችን የደረሰ ለት
ሽማግሌውን ተሸክሜ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤
እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሦስት እግር፣ አንድ ማሽን።
ማዋቀሪያ ፋይሉን ፍለጋ ሦስት ቤት እዞራለሁ፤
ሊኑክሱ በር ላይ ያኖረዋል፣ ቢኤስዲው ከጓዳ ጓዳ፣
ሽማግሌው የት እንዳኖረው ራሱም ረስቶታል።

ዛሬ ከሰቃ የመጣ ሙሕዲን፣ ሦስት ሳምንት ያሳለው፣
ካርድ ክፍል በሐመሩ «ሐ»፣ ራጅ ክፍል በሃሌታው «ሀ» የጻፈው፤
ለእኛ ጆሮ አንድ ሰው ነው፣
ማሽን ግን ቆጥሮ ሁለት አረገው።
ሽማግሌውማ ፊደል ስላልቆጠረ፣ ስሙን በጥያቄ ምልክት ደርድሮ አሳየኝ፣
«ማነው ይሄ?» እንደማለት፣ የጠየቅኩትን መልሶ ጠየቀኝ።
ዩኒኮድ አስለመድኩት። አጉረመረመ፣ ዘገየ፣
በስተመጨረሻ «ሙ» ታየ፣ ከዚያ «ሕ» ታየ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም።

ማሽን ባለቤትን የሚያውቀው በቁጥር ነው።
ሊኑክሱ ላይ ሺህ አንድ እኔ ነኝ።
ሽማግሌው ላይ ሺህ አንድ ነስሩ አባመጫ ነው፣
ከእኔ በፊት ይህን ወንበር ያሞቀው፣
ይህን ሁሉ ኬብል በነጭ ፕላስተር ስም የለጠፈለት፣
አምና በቦዬ መንገድ፣ በዝናብ፣ ባጃጅ የተገለበጠበት።
እኔ እዚህ ጽፌ ያኖርኩትን ፋይል
እዚያ ሄጄ «ዘርዝር» ስለው፣
ባለቤት፦ ነስሩ። ዛሬ። አራት ሰዓት ከሩብ።

መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤
ቁጥር ከቁጥር ማዛመድ፣ ለሙት ሌላ ቁጥር መስጠት።
ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ።
ጣቴ ማስገቢያው ላይ ይቆያል፣
ከዚያ ፊደል በፊደል ወደ ኋላ እሰርዘዋለሁ።

የሙሕዲን ሳምባ ተከፈተ።
ሲስተር ትርፊቱ ወረደች፣ ከመጣች ወሯ አልሞላም፣
ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አነበበች።
«ነስሩ ማነው?»
ማራገቢያው ይጮኻል፣ ዝናቡም ጀምሯል።
«እዚህ ነው የሚሠራው» አልኳት፣ «ሌሊት ሌሊት።»