የጋራ ሽቦ

ጀህራ፣ ነሐሴ። ሌሊቱ ራሱ ያልባል፣
ሰገነቱ የቀን እሳቱን ገና ይተነፍሳል።
ሚሻሪ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ አሥራ አራት ሊሞላው፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቴሌስኮፑ ላይ ነው ሌላው።
እኔ ልብስ ላወርድ ወጥቼ፣ ቅርጫት ወገቤ ላይ ይዤ፣
ሦስት መቆንጠጫ በጥርሴ ነክሼ፣
«ነይ እይ» አለኝ።

ከአፌ አውጥቼ አየሁ። ነጥብ ናት። ቢጫ።
የሰናፍጭ ቅንጣት፣ ቀጭን ብልጭ ብልጫ።
«ስም የላትም፣ ቁጥር ነው ያላት» አለ።
ሳቄ መጣ። የኔስ ስም መች አለ?
ኢቃማዬ ላይ የሚፈለገው ቁጥሬ ነው፤
«ትርንጎ» ለእመቤቲቱ ምላስ ቢከብዳት
«ኑራ» ብላ ነው በር ላይ የተቀበለችኝ።

«ፀሐይን ትመስላለች፤ በዕድሜ ትንሽ ትበልጣት ይሆናል።
ቅርብ ናት፤ ብርሃኗ እዚህ እስኪደርስ ሃያ ስድስት ዓመት ይፈጃል።»
ሃያ ስድስት።
ዕድሜዬን አስቤ ዝም አልኩ።
እናቴ ሐርቡ ገበያ ዳር ምጥ ይዟት ስትቀመጥ
ይህ ብርሃን ተነሥቷል ማለት ነው፣ ሊመጣ ሲሮጥ።
እኔ በደላላ፣ እሱ በራሱ ጊዜ፣
አንድ ጣሪያ ላይ ተገናኘን።

«አጠገቧ ሌላ አለ፤ ግዙፍ፣ ጨለማ፣
ማንም በዓይኑ ያላየው።» «ካልታየማ
በምን ታወቀ?» አልኩት።
አረብኛው ፈጠነብኝ፤ ግማሹ አመለጠኝ።
እጁን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ነው የገባኝ።
የማይታየው ይስባታል፤ እሷም ዘንበል ቀና ትላለች።

ይህንንማ አውቀዋለሁ፣ አላልኩትም እንጂ።
በጨለማ ከቦርከና የምትመለስ ሴት፣ በአንድ እጇ
ጀሪካን ብትይዝ፣ ጀሪካኑ ባይታይ እንኳ ከሩቅ፣
ትከሻዋ ይናገራል ምን ያህል እንደያዘች።
«ሁለቱም ይዞራሉ» አለ፣ «እሷም፣ ጨለማውም።
የሚዞሩት በመሃላቸው ያለውን ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም።»

የልብስ ማስጫችን ሽቦ ነው። የኛን ጣሪያ አቋርጦ
በግንቡ ቀዳዳ ያልፋል፣ ወደ ጎረቤት ሾልኮ።
ግንቡ ከቁመቴ በክንድ ይረዝማል።
ማዶ ያለችውን አይቻት አላውቅም፤ ሽቦው ግን ያወራል።
ብርድ ልብስ ስትሰቅል የኔው ወገን ተወጥሮ ይነሣል፣
ካልሲ ስትሰቅል እንደ ዝንብ ክንፍ ይነዝራል።
ረቡዕ ረቡዕ ድሽዳሻ ነው፤ ስምንት ትሰቅላለች፣
ከዘጠነኛው በፊት ትቆማለች።
ታርፋለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣
ወይ ወገቧን ይዛ ወደ ላይ ታያለች።
ሽቦ ይህን አይለይም።

አንድ ማታ ሁለቴ ጎተትኩ። ቆየ።
ሁለቴ ተጎተተ።
ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ይኸው ሆነ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከመተኛት በፊት።
የሀገሬ ልጅ ትሁን፣ የፊሊፒንስ፣ የስሪላንካ፣
አላውቅም። ለኔ ክብደት ናት፣ የሽቦ ጫፍ ስትነካ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሽቦው ዝም አለ።
እመቤቲቱ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ «የነሱ ልጅ ራሐት» አለች።
ሄደች ይሁን፣ አለቀላት ይሁን፣
ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል።
ሚሻሪም ልቡ ወደ ኳስ ሸፍቷል፤
ቴሌስኮፑ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል።
አንሶላውን በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ፤
እሱም እዚያው ሽቦ ላይ ይሰጣል።

ዛሬ ልብስ ሳወርድ ሽቦው መዳፌ ውስጥ ነዘረ። አንዴ።
ሸማል ነው፣ አልኩ። ወይ እርግብ አርፋ ተነሥታ።
ወይ የገዛ እጄ፤ ሲደክመኝ ይንቀጠቀጣል ማታ ማታ።
አልቸኮልኩም። ልጁ ነግሮኛል፤
ያቺን ጨለማ ጓደኛ «አለች» ለማለት
አሥራ ሰባት ዓመት ቆጥረዋል፣ ሌሊት በሌሊት።
የኔ ውል የቀረው አሥራ አንድ ወር ነው።

ሁለቴ ጎተትኩ።
መቆንጠጫዬን ነክሼ ቆምኩ።