ሰባት ቁጥር ማኅተም

ሐዴራ ላይ ነው፤ ከሐዲዱ በስተኋላ፣
ባሕር ዛፍ ተተክሎ ረግረጉን ሲበላ፣
ኤርዊን ላንዳወር የሚባል፣ ከሽቱትጋርት የመጣ፣
መነጽሩ የተሰነጠቀ፣ ጀርመንኛው ከአፉ ያልወጣ፣
የቆርቆሮ ዳስ ተከራየ፤ አንድ ጉጠት፣ አንድ ሞረድ፣
የብርቱካን እርሻ ፓምፕ ሊፈታ፣ ሊጠግን፣ ሊሞርድ።

ራሱ ሠርቶ የሸጠው የመጀመሪያው ግን አልሳበም።
ገበሬው በጋሪ መለሰው፤ አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤
“ውሃህ ይኸው” ብሎ ባዶ ባልዲ ዘቀዘቀ።
ላንዳወር ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ፈታ፣ ጠየቀ፤
ሊነጋጋ ሲል አገኘው፦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣
በዚያች ነበር አየር የሚገባው፣ ውሃውን የሚያደርቅ።

“ሳይፈተን አንድም አይወጣም!” ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈ፤
የተፈተነው ምልክት ይኑረው ብሎ አሮጌ ማኅተም ሰለፈ፤
ከያፋ በርካሽ የገዛው ነው፤ ከአንድ እስከ ስድስት የለውም፤
ስለዚህ በሰባት ጀመረ። ለምን ብሎ ማንም አልጠየቀውም።

ዳሱ አዳራሽ ሆነ።
ሐስቄል ከባግዳድ፣ ከድንኳን ሰፈር መጥቶ ማኅተሙን ያዘ፤
በአገሩ የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ ጣቱ በዘይት ደነዘዘ።
ጆሮውን ከብረቱ ለጥፎ “ይህኛው ሳል አለበት” ይል ነበር፤
ሳል ያለበት ወደ ኋላ፣ የሌለበት ወደ ደቡብ፣ ወደ አሸዋው አገር።

ከእሱ ወደ ሱሊካ፣ የአትላስ ተራራ ልጅ፤ ሴት ናት ብለው ሳቁባት፤
በሳምንት አርባ ፓምፕ መለሰችባቸው፤ ከዚያ ወዲያ እመቤት አሏት።
በጥቅምቱ ጦርነት፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና፣
ሌት ተቀን ስትፈትን ከረመች። ልጇ ከወዲያ ነበር፣ ከሲና።
ስለ ልጇ ስጠይቃት ውሃውን ዘጋች። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

እኔ አየልኝ ነኝ፤ ጸሐፊዋ “ኢላን” ብላ መዘገበችኝ።
አባቴ ወገራ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር፤ ቀን ይለምኑታል፣
ማታ “ጅብ ይሆናል” ብለው ልጅ ይሸሽጉበታል።
ብረት የነካ እጅ ሰላምታ ከሚነፈግበት አድጌ፣
በዚያው ብረት፣ ደመወዝና የጥርስ ሐኪም ሆነ ማዕረጌ።
(እዚህ መሸሽ የለም አልልም። በምሳ ጠረጴዛ አይቻለሁ።)

ሱሊካ አስተማረችኝ፦ “ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤
ሆዱን ባዶ ያደርጋል እንጂ፤ ውሃ ባዶ ቦታ አይችልም፣
ራሱ ይመጣል።” ሌሊት ይህን ሳሰላስል ነበር፦
በሱዳን መንገድ የቀረች ታናሼ፣ የባዶ ስፍራዋ ነገር፣
ምን እየሳበ ይሆን?

“ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ” ይላሉ የእኛ ሰዎች ለከንቱ ልፋት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ወቀጥኩ፤ ሦስት ልጅ አደገበት።

ዘንድሮ ፋብሪካው ተሸጠ። ለማን እንደሆነ በቅጡ አልነገሩን፤
ማቅለጫው ባሕር ማዶ ይሄዳል አሉ፤ ቢሮና ስሙ ቀረን።
ፈታኙም ኮምፒውተር ነው፤ ሳል አይሰማም፤ ቁጥር ያነባል።
ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ፓምፕ መጣ፤ “ለቁርጥራጭ ይሆናል።”

ዝገቱን በአውራ ጣቴ ጠረግኩ፦ ሰባት፤ ከጎኑ ሰባት፤ ከሥሩ ሌላ፤
በየዘመኑ ተፈቶ፣ ተጠግኖ፣ የሦስት ሰው ዕድሜ የበላ።
የላንዳወር ቀጥ ያለ፤ የሐስቄል ወደ ቀኝ ያዘመመ፤
የሱሊካ ጠልቆ የገባ፣ ብረቱን ያሳመመ።

ውሃ አጠጣሁት። ሞተር ገጠምኩለት።
አንዴ ሳለ።
ከዚያ ሳበ።
አራተኛውን ሰባት መታሁበት፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ትንሽ ጠመመ።

“ማኅተሙን መልስ” የሚል ቅጽ ሰጡኝ።
“ጠፍቶብኛል” ብዬ ፈረምኩ።
ከባድ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ
ሱሪዬ በአንድ ወገን ያዘነብላል።