ከጭረቱ ወዲያ

ጦይባ ላከችኝ፣
«የድስቱ ቂጥ ነቃ፣ ሸክላ ግዛ» ብላ፤
ሰኞ ገበያ ወርጄ፣ ዞሬ ተንከላውሼ
ይዤላት ገባሁኝ ጥቁር ስስ ሸክላ፣
መሐሉ የተበሳ፣
ክብ፣ አብረቅራቂ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ።

አገላበጠችው።
«ምን ይቀቀልበት?»
«ልብ» አልኳት።
አልሳቀችም።
ያን ሰሞን ወጣችን ብረት ብረት አለ፤
እኔ ግን ምን ገዶኝ፣ ጆሮዬ ጠግቦ ዋለ።

ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ፤
ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከደጇ ጦሳ የሚታይ።
ያኔ በጉብዝናዬ
ሁመድ የሚሉት ሰው፣ የአሰብ መስመር ሾፌር፣
ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ ሲያጓራ ወጥቶ ሲያድር፣
ከወንበሩ ኋላ፣ በሽርጥ ጠቅልሎ
ሸክላ ሰጠኝ አንድ ቀን፣ «ከመርከብ ነው» ብሎ።
መለያው ተልጦ፣ ስሙም አገሩም የለ፤
መርፌዋን ሳሳርፍ አንድ ሳክስፎን «እህ» አለ፣
ሲጠጣ እንዳደረ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ከዚያ ሽቅብ ወጣ፣ ትንፋሹን መሰላል አርጎ።
«ይኼ ሰውዬ» አልኩት «አምባሰልን አይቷል?»
«እኔ እንጃ፣ ጃዝ ነው የሚሉት» አለኝ ሁመድ፣
«ገደልማ የትም አገር ሞልቷል።»

እንዲያ ተጀመረ።
አሁን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ናቸው፣
ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን አናት የቆሙ በጎናቸው።
በአርእስት አላውቃቸውም፤ ፈረንጅኛ አልወጣልኝ።
«የጎርፉ» አለ፣ ቦርከና ሞልቶ ከአንድ ሆቴል የጠረገልኝ።
«የፍቺው» አለ፣
ባል ሽፋኑን፣ ሚስት ሸክላውን ወስዳ፣
አንዱን ከሐይቅ፣ አንዱን ከኩታበር
ለቅሜ ያስታረቅኳቸው፣ ገብቼ በዕዳ።

«የሐያት» ደግሞ አለ፤
ያው የሁመድ ሸክላ ነው፣ የመጀመሪያው።
ልጄ በአራት ዓመቷ ምስማር አገኘችና
አበባ ሳለችበት።
ሌላው ቅጠል አልጎዳም፣ አንዱ ግን ጠለቀና
እዚያች ላይ ስትደርስ መርፌዋ ትዘላለች፤
ስምንት ምት ውጣ ማዶ ትገኛለች።
ሃያ ስድስት ዓመት
ከነዝላዩ ወደድኩት፣ ከነዝላዩ አፏጨሁ፤
ጎዶሎ መሆኑንም፣ እውነቴን ነው፣ ረሳሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን
ከሸገር የጃዝ ባንድ ኮምቦልቻ ወረደ።
ሱቄን በቀን ዘጋሁ፤
ጭጋግ ሐረጎን ውጦ፣ ሚኒባሱ በፍሬን ሄደ።
አዳራሹ የፋብሪካ ነው፣ ዱቄት ዱቄት ይሸታል፤
ሃምሳ ሰው ብንሆን ነው፣ ግማሹ ስልክ ይነካካል።
ቀጭን ልጅ ወጣች፣
በዕድሜ ከሐያት የማትበልጥ፣
የአንድ እግር ጫማዋ ክር ተፈትቶ የሚያመልጥ።
ነፋችው።
በሦስተኛው ድምፅ አወቅሁት።
የሁመድ ነው! የኔው ነው!
ስሙን ነግራን ነበር መሰል፣ ጭብጨባው ዋጠው።

ያቺ ቦታ ቀረበች።
ትከሻዬ ቀድሞ ተሰናዳ፣
ሰውነቴ ዘለለ፣ ወንበሩ ተንቋቋ፣
እሷ ግን አልዘለለችም።
አለፈች።
እንደ ገዛ ቤቷ በሩን ገፋ አርጋ
ገባች።

ምን አለ ወዲያ ቢሉኝ፣
ትንሽ ነገር ነው፣ ተአምር አይደለም።
ቁልቁል አራት እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ዝም፤
ከዚያ ደጅ ላይ ቆሞ
«ልግባ ወይስ ልሂድ» እንደሚል እንግዳ
ቅር እያለው የሚቀር ድምፅ።
ይኸው ነው።
አጠገቤ ያለው ጎረምሳ «አባባ፣ አመመዎት?» አለኝ።
«ዱቄቱ ነው» አልኩት፣ «ዓይኔ ውስጥ ገባብኝ።»

ሌሊት ደሴ ገባሁ።
ሸክላውን አወጣሁ፣ በጥጥ ወለወልኩት።
መርፌዋ ካበባው ደረሰች፣ ዘለለች።
እኔ አልዘለልኩም።
እሷ ቀድማኝ ሄደች፤
እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፣ ስምንት ምት ያህል፣
በፉጨት፣ ብቻዬን፣ ቀስ ብዬ ጨረስኩት።

«ዛሬስ ረዘመሳ» አለች ጦይባ
ከብርድ ልብሷ ውስጥ፣ ፊቷን ሳታዞር።
ለካ ስትሰማ ኖራለች።