ደረቅ ወይራ፣ ቅጽ ሦስት

ከቢሮ የሰጡኝ አንዲት ቅጽ ናት፣ ሦስት ዓምድ ያላት፤
የመስህቡ ስም፣ ዓይነት፣ ከአስፋልት ርቀት።
ከግርጌዋ ባዶ ክብ፣ ማኅተም የሚያርፍባት።

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ በባጃጅ፣ እስከ ድንጋይ ማምረቻው፤
ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ አቧራው ነው የሚሸኘው።
ደረቅ ወይራ ይባላል ቀበሌው፤
ወይራ ግን የለው።
«የታለ ወይራው?» ብለው አያ አሊጋዝ ሳቀ፤
«ስሙ እየነገረህ? ደረቀ።»

የመጀመሪያው መስህብ የስኳር ገደል ነው።
በደርግ ጊዜ ነው አሉ፣ ከአሰብ ሲመጣ በሌሊት፣
አንዱን ተሳቢ መኪና ፍሬን እንቢ ብሎት፣
ስኳሩን እንደ ጫነ ወርዶ ተኛበት።
«ሦስት ቀን ሙሉ» አለ አሊጋዝ፣ «ወንዙ ጣፈጠ፤
በሬው አንገቱን ደፍቶ ቀረ፣ ጅራፍ ቢጮህ አልደነገጠ።»
«ሹፌሩስ?» አልኩት። «ዳነ። እዚሁ አገባ።
ያችውልህ ልጁ፣ ያች በበሩ የምትገባ።»
ልጅቱ ሽበት አላት።
«ታሪካዊ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገደሏን ሌላ ምን ልበላት?

ሁለተኛው ፏፏቴ ነው፣ ነሐሴ ላይ የሚወርድ፤
እኔ የሄድኩት ግንቦት፣ ድንጋዩ ሲነድ።
አምስት ሰው ዙሪያዬን ቆሞ በእጁ አሳየኝ፣
«ከዚህ ይዘላል፣ እዚህ ይሰበራል» እያለኝ፤
አንዱ በአፉ ድምፁን አሰማ፤
ሌላው «ዞር በል፣ ትረጥባለህ» ሲለኝ፣ ዞር አልኩማ!
ጫማዬን ሳይ ደረቅ ነው፤ አፈርኩ፣ ደግሞም አላፈርኩም።
ቁመቱን ስጠይቅ ተጣሉ፤ እስካሁን አልታረቁም።

ሊመሽ ሲል «ዋናውን ሳታይ» አለ አሊጋዝ፣ «ንቅንቅ የለም፤
የሰው ቤት ነው፣ ግን ባለቤቷ አትቀየምም።»
የእትዬ ሉባባ ቤት አፋፉ ጫፍ ላይ ነው፤
መስኮቱ መስታወት የለው፣
መዝጊያው የዱቄት ጆንያ፤
ከፊቱ ረጅም አግዳሚ፣ እንደ ሲኒማ መጠበቂያ።

ጆንያው ተገለጠ፤
ጨለማው ከታች ተቀመጠ፤
ኮምቦልቻ በራች።

ከጨርቃ ጨርቁ እስከ ቦርከና ድልድይ የፈሰሰ ዶቃ፤
እኔ የማውቀው ቀን ቀን ጡሩምባ ነው፣ ጭቃ።
ሐረጎን የሚወጡት የጭነት መኪኖች፣ አንድ በአንድ፣
ክር ይመስላሉ፣ ተራራውን ሲሰፉት ከመንገድ መንገድ።
ልጆቹ ከተማዬን ተከፋፍለው ጨርሰዋል፦
«ቀዩ የኔ ነው፣ የሚናራው አረንጓዴ የመዲና» ይላሉ፣ ይጣሉበታል።
ሉባባ ግን ከዳር አንዷን ለብቻዋ ትጠብቃለች።
«ያችን አየሃት? ከብረታ ብረቱ ወደ ግራ፤
ሰው ሁሉ ተኝቶ እሷ ብቻ ስትበራ፣
እስከ ሌሊቱ ሰባት።
ታማሚ ይኖር ይሆን? ወይ መንገደኛ የቀረባት?
በምን አውቄ። ዱዓ አደርጋለሁ ብቻ፣
ቤቷን ሳላውቃት።»

ከብረታ ብረቱ ግራ ስንት ቤት አለ? መቶ ይሆናል።
አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እኔን ረስቶኛል፤
ይህን አልነገርኳትም።
ብዕሬን በሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፍኩ፤
ስሙን አለፍኩ፣ ዓይነቱን አለፍኩ፤
«ርቀት፦ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ።

ደሴ ላይ ኃላፊው አየው። «ሆቴል አለው?» «የለም።»
«መንገድስ?» «እስከ ድንጋይ ማምረቻው።» ማኅተም አልመታም።

ያን ለት ማታ በሰባት ሰዓት ማብሪያውን ይዤ ቆምኩ፤
አጠፋሁ፣ አበራሁ፤
አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ በሞኝነቴ ብቻዬን ሳቅኩ።
ሦስተኛውን ልደግም ስል መብራት ኃይል ቀደመኝ፤
ድልድዩም፣ ሚናራውም፣ ሰፈሩም ባንዴ ጠፋብኝ።
በራፌ ላይ ወጥቼ ሽቅብ ወደ አፋፉ አየሁ፤
ኩራዝ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር አይሻገርም፣ አውቃለሁ።
ይሄኔ «የኔ ቀድማ ጠፋች፣ የለም የኔ» ይሉ ይሆናል ልጆቹ፣
አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ሳይተኙ፣ ሳይሰለቹ።