የካሴቱ ጀርባ

ከዚራ ነው ሱቄ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት፣
ዱሮ ካሴት ነበር፣ ዛሬ የስልክ መስታወት፤
ቻርጀርና ሚሞሪ፣ ባትሪ ያበጠ፣
ቬንትሌተር አንድ፣ ክንፉ የተቆረጠ።
መደርደሪያው ግን አለ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ፣
የሽማግሌ ድድ መስሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ወልቆ።

የሰኔ ቀትር ነበር፤
ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋውን ለብሶ ተኝቷል፣
ባጃጁ ሁሉ ከግንብ ጥላ ተጠግቷል፣
ከተማው በሩን ገርበብ አድርጎ ለበርጫ ተቀምጧል።
ግማሽ እንቅልፍ ይዤ፣ ግማሽ ስልክ ፈትቼ ሳለሁ
"ባለሱቅ!" የሚል ሰማሁ።

መልኩን አላወቅሁትም፣ ድምፁን ግን አወቅሁት።
ድምፅ አያረጅም ሲሉ አምኜ ነበር፤ ውሸት።
ያረጃል፤
ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ደረጃ ላይ ያርፋል፣
ቤቱን ግን አይስትም፤ አንኳኩቶ ይገባል።

ነስሩ ነበር። ነስሩ ዲናሞ፣ ያኔ ስንጠራው፤
ቀን ከባቡሩ ወርክሾፕ ብሎን የሚያጠብቀው፣
ማታ ከሠራተኛው ክበብ ጊታር የሚነቀንቀው፤
ከጥፍሩ ስር ያለው ግራሶ ክሩ ላይ እየቀረ
ሙዚቃው ራሱ ዘይት ዘይት ይሸት ነበረ።
ስለ ዓይን፣ ስለ ጥርስ አልዘፈነም እሱ፤
የዘፈነው ስለ ፈረቃ፣ ስለ ሲሚንቶው አቧራ፣
ፀጉራቸው ላይ ጥጥ ይዘው ከጨርቃ ጨርቅ ስለሚመለሱ፣
ደመወዝ ተቀብለው ወጥተው ባዶ እጅ ቤት ስለሚደርሱ፣
ሌሊት ከሐዲዱ ዳር ፋኖስ ስለሚያበራ
ስለ አንድ ዘበኛ።
ስማችንን ሳይጠራ እኛን ጠራ።

አንድ ካሴት አወጣ።
ሽፋኑ ላይ፣ ከሐዲዱ መሐል ቆሞ፣
ጊታሩን እንደ አካፋ በትከሻው ተሸክሞ።
እኔ ያንን ካሴት ሃያ ገዛሁ፣ አራት መቶ ሸጥኩ።
የስሌት ስሕተት አይደለም፤
ሃያ ገዛሁ፣ አራት መቶ ሸጥኩ።
ከመጋረጃው ኋላ ሁለት አፍ ያለው ቴፕ፣ አንዱ ሲያወራ አንዱ ሲሰርቅ፣
ያድር ነበር እስኪነጋ፣ ቀይ መብራቱ ሲያንጸባርቅ።
የሰርጌ ሱፍ የተሰፋው በዚያ ሰውዬ ጉሮሮ ነው።

እሱ ጊታሩን ሸጠ። ኋላም ባቡሩ ቆመ።
ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ይቆጥራል አሉ፤
ሞተ አሉ ደግሞ ሌሎቹ፤
እኔም አለቀስኩ፣ እንባ ዕዳ ይከፍል ይመስል።

ዛሬ ከፊቴ ቆሟል፤
ባንድ እጁ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ባንዱ ፍላሽ።
"ይቺን መስታወት ቀይርልኝ።
ይቺን ደግሞ ስማት፣ አቦ። አዲስ ሥራ ነው።"

ሰካሁት።
ጊታሩ ብቻውን መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ፈረቃ እንደሚገባ ሰው፤
ከኋላ ቆርቆሮ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ሙቀት የወጠረው።
(ባዶው ወርክሾፕ ውስጥ ነው የቀረጽነው አለኝ፤
ርግብ ነበረች ጣሪያው ላይ፣ እሷም ገብታለች።)
ከዚያ ድምፁ። በቃልና በቃል መሐል አየር ሲስብ።
"ትንፋሹን እንቁረጠው ብለውኝ ነበር ልጆቹ፤
እሱን ለማግኘት እኮ ነው
ሠላሳ ስድስት ዓመት የፈጀሁት።"
ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘበኛው ተመልሷል፤
ባቡር የለም፣
ፋኖሱን ግን ያበራል፣
ለሚያልፉት ፍየሎች።

ስምንተኛው አለቀ።
እጄ ሳላዘው ተነሳ፣ ሊገለብጠው ጀርባውን፤
ፍላሽ ጀርባ የለውም።
አየኝ። ይሳቅ አይሳቅ አላውቅም፣ ጺሙ ሸፍኖታል አፉን።
"ስንት ነው?" አልኩት፣ ከመሳቢያው ብር እያወጣሁ።
"አባዛው" አለ፤ "እንደ ዱሮው።"

ታውቅ ነበር? አልኩት።
ታውቅ ነበር፣ ያኔ?

የመስታወቱን ዋጋ ጠየቀ። ነገርኩት።
ልቀንስለት ስል ጣቱን አነሳ፤
ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠኝ፣
መልሱን ይዞ ሄደ።