ማስመሪያው

ደብረ ብርሃን ንጋት፣ ብርዱ ጣት ያስረሳል፤
ወንድይፍራው ጋራዥ በር ሦስት መቶ ዘሏል።
ገመዱን ይጥላል፣ እጁን ይዘረጋል፤
ሳላስጠነቅቀው ማስመሪያው ይወርዳል።

ኅዳር ላይ ሲጀምር ሃያ ሁለት ላይ ያዘ፣
ጥር ላይ አሥራ ሦስት፣ ጣቱ እየደነዘዘ።
«አረንጓዴው በርቶ ‹በራ› ካልሽ ቀረሽ፣
እግርሽ ይየው» ይላል፣ «ዓይንሽ ሳይነግርሽ።»

ከዚያ ዳገት ሩጫ፣ ጎማ በትከሻ፤
ትንፋሹን ይቆጥራል እስከ መጨረሻ፣
ልቡ እስክትረጋ።
«ለአራት መቶ ሜትር ነው?» ይስቃል ጋራዡ።

ስለ ጣርማበር ጉም አንነጋገርም።
አባባ ፍሬኑን ረግጧል፤ አልሳተም፤
ግማሽ ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ።

ማስመሪያው ወረደ።
አሥራ አንድ።
ወንድይፍራው አልሳቀም።
«ድገሚው» አለኝ፣
እጁን ዘርግቶ።