ፊት የነሳ ፊት

ሁለት ወር ሙሉ ሆጤ ላይ፣ በተከራየኋት ጓዳ፣
የጦሳ ጉም መስኮቴ ላይ ሲመጣ ሲሄድ እንደ እንግዳ፣
ለኮምቦልቻው መሸመኛ አዲስ ፊት ስስል ከረምኩ፤
ግራጫን ከግራጫ ጋር አስማማሁ፣ ተጠበብኩ።
የቀድሞ ፊቱ ብረት ነበር፤ አንድ እጀታ፣ ሦስት አምፖል፣
አንደኛው ከተቃጠለ አራት ዓመት አልፎታል።
እኔ ግን መስታወት አልኩ፤ ልሙጥ፣ ጭረት የሌለው፣
አለቆቹ አጨበጨቡ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቀው።

በማለዳ ሐረጎን ስንወርድ ጋቢና ነበርኩ፤
ሾፌሩ የእህቱን ሠርግ ያወራል፤ አንዴም አላየም ማርሹን፣
መዳፉ ግን ያውቀዋል የየመታጠፊያውን ልኩን።
ይህ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው፤ ያኔ ስልኬን ነበር የማየው።

ፋብሪካው ጩኸት ብቻ ነው፤ ሰው የሚግባባው በቅንድብ፣
ጦይባ ይማም መጣች፣ ሻሿ እስከ ግንባሯ ክንብንብ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመች ካንድ መሸመኛ ጋራ፤
ከአዲሱ ፊት ፊት ለፊት ቆመች፤ ጣቷ ሄደ፣ ቆመ፣ ፈራ።
እኔ አፌን ይዣለሁ፤ እንዳልረዳት ነው ደንቡ።
ነካች፤ ዝም።
ደግማ ነካች፤ ዝም።
ክሩ ተበጠሰ። መስታወቱ ላይ «ስህተት 31» በራ።
«ሠላሳ አንድ ማነው?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር ጮኻ፣
«ከሠላሳው ጋር እንኳ ሳንተዋወቅ!»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።
የጥጥ ብናኝ ነበር ለካ፤
መስታወቴ ብናኝ የለበሰ ጣት ሰው አይመስለውም።
«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣» አለች፣ «የኔ እጅ አይረባም፤
ለተማረ ነው ይሄ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክር የቀጠለ እጅ
የሁለት ወር ሥራዬን ይቅርታ ጠየቀ።
ፊት ሰጠሁት ብዬ ነበር፣ ማሽኑም ፊት አገኘ፤
ጦይባን ግን ፊት ነሳት፤ ጠባዩ ከኔው ተገኘ።

ወደ አሮጌው ወሰደችኝ። እጀታው ላይ ቀይ ክር ጠምጥማበታለች፤
«መብራት ሲጠፋ ለዳሰሳ፣» አለች፣ «ለሌሊት ፈረቃ ልጆች።»

ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ትልቅ ክብ፤ በመዳፍም፣ በክርንም የሚነካ።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ክር ተበጥሷል፤ ከግራ ሦስተኛው።»
ከጎኑ፦ «መልሰኝ።»
ሐረጎ ላይ እንኳ ምልክቱ የሚተከለው
ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ገደሉ ውስጥ አይደለም።
«አሁን ይነበባል፣» አለች። አላመሰገነችኝም።

ማታ በጉም ውስጥ ደሴ ገባን። ፒያሳ ላይ «ወራጅ አለ!» ብል፣
የሚኒባሱ በር ከውስጥ እጀታ የለውም።
ረዳቱ ክንዱን በመስኮት አሾልኮ ከውጭ ከፈተልኝ።
ይህንንም በር የሠራ ሰው አለ፤
ሳያጨበጭቡለት አልቀሩም።